ግመል ወይስ ጊደር

ከመደቤ በቀኝ ልውረድ በግራ እያልኩ ስንት ቀን የሱብሂ ሶላት እንዳለፈኝ እኔና አላህ ብቻ ነን የምናውቀው። አትሳቁ! መምረጥ የሚችል ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። እኔ ግን ሁለት ነገር ፊቴ ከተቀመጠ አለቀልኝ። አንድ ጊዜ አጎቴ ሰይድ ከደሴ ሲመለስ ሁለት ሽርጥ አመጣልኝ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ባለ መስመር። ከዚያ በፊት አንዲት የነተበች ሽርጥ አገልድሜ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ገበያ የምደርሰው ሰውዬ፣ ከዚያ ወዲህ ገበያው ሲበተን መድረስ ጀመርኩ። እናቴ «ለልጄ ሁለት ሽርጥ የሰጠውን አላህ ይይለት» ትል ነበር፤ የሰጠኝ የገዛ ወንድሟ መሆኑን ረስታው።

ዘመኑ የጣሊያን ነበር። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ትፈልጉኛላችሁ ወይ ብሎ ማንንም አልጠየቀም፤ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ እኔ እንኳ ሳላመነታ የምመልሰው አንድ ጥያቄ ይኖር ነበር። መንደራችን ከጀውሃ ትንሽ ወጣ ብላ ማሽላው መሃል ያለች ናት። በዳሯ አዲሱ መንገድ ያልፋል፤ ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪናቸው ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ አቧራውን ማሽላችን ላይ ይነሰንሳል። ዱሩ ውስጥ አርበኞች፣ መንገዱ ላይ ወታደሮች፣ መሃል ላይ እኛ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ከባድ ከባድ ነገር መርጧል፤ አንዳንዱም ሕይወቱን ከፍሎበታል። እኔ ግን፣ ስነግራችሁም አፍራለሁ፣ አገር በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሳለ የጨነቀኝ ግመልና ጊደር ነበር።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እዚያው አጠገባችን ጋሼ እንድሪስ የሚባሉ የተከበሩ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ረሒማ ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ትጠብቃለች። ወንጭፏ አይስትም ይባላል፤ ለዚህ እኔም ምስክር ነኝ። አንድ ቀን በማሳቸው በኩል ሳልፍ የእግር መንገዱ ለሁለት ተከፈለብኝና እንደ ልማዴ ቆምኩ። ቆሜ ሳሰላስል አንድ ጓል መጥቶ ግንባሬ ላይ ቷ አለ!

«ወይኔ ጉዴ፣ ሰው ነህ እንዴ?» አለች ከማማው ላይ። «ዝንጀሮ መስለኸኝ ነው! ሰው ከሆንክማ ለምን አትሄድም?»

ሳቋን ለማፈን ሞከረች፣ አልቻለችም። እኔም ደሜ ቅንድቤ ላይ እየወረደ አብሬያት ሳቅኩ።

ሽማግሌ ተላከ። አንዱ አጎቴ ሰይድ፣ ሌላው ጎረቤታችን ጋሼ ተክሌ ነበሩ። ጋሼ ተክሌ የቀወት ክርስቲያን ናቸው፤ እኛ አገር ግን ለሽምግልና የሚታየው አንደበት ነው፣ የሳቸው አንደበት ደግሞ ያኮረፈ ግመል ያስታርቃል። ሁለት ጊዜ ሄደው፣ እንደ ወጉ «እስቲ እንመካከር» ተብለው ተመለሱ። በሦስተኛው ጋሼ እንድሪስ ልጁንም አምጡት አሉ። ይሄ ማለት እሺ ሊሉ ነው ማለት ነው። እናቴ በደስታ ነጩን ሽርጥ ራሷ መርጣ አስታጠቀችኝ፣ እንዳላረፍድ።

ምርቃቱም ጨዋታውም ካለቀ በኋላ ጋሼ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «መልካም ነው። እንግዲህ የቀረን መህሩ ነው» አሉ። መህር ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጣት፣ የራሷ ሆኖ የሚቀር ስጦታ ነው። «ከሁለቱ አንዱን መግዛት እንደማያቅታችሁ አውቃለሁ። ግመል ይሁን ወይስ ጊደር? ልጁ በራሱ አፍ ይናገር።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደኔ አዞረ። አጎቴ ሰይድ የሚመጣውን ስላወቀ ዓይኑን ጨፈነ።

«እስቲ… ትንሽ ላስብበት» አልኩ።

ጋሼ ተክሌ ነገሩን ወደ ቀልድ ሊያዞሩት «ሙሽራው ጥንቁቅ ነው» ቢሉም የሚስቅ ጠፋ።

«ለጊደር የሚያስብ ሰው» አሉ ጋሼ እንድሪስ ቀስ ብለው፣ «ልጄ ምጥ ላይ ሆና ሐኪም ልጥራ ወይስ አዋላጅ ቢባል መቼ ሊመልስ ነው? ሽፍታ ቤቱን ከቦ እሳት ቢለቅበት በየትኛው በር ላውጣት ብሎ እስኪያስብ ትቃጠልለት? ስማ ልጄ። ሰባት ቀን ሰጥቼሃለሁ። በሰባተኛው ቀን ከዙሁር ሶላት በፊት እዚህ ተቀምጠህ፣ ወይ ግመል ወይ ጊደር በለኝ። ካልሆነ አንድ የማጀቴ ነጋዴ ረሒማን ጠይቋታል። እሱ ሳይጠየቅም ይመልሳል።»

ከጓዳው በር ጀርባ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ረሒማ እንደሆነች አወቅሁ።

ያን ቀን ማመዛዘን ጀመርኩ። ግመል ጨው ይጭናል። ግን ካሚዮን መጥቷል፣ ነገ ግመል ማን ይፈልጋል? ጊደር ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ግን ወታደር ካያት አርዶ ይበላታል። ግመሉንም እኮ ጥይት ሊያስጭኑበት ይወስዱታል። አርበኞቹስ ቢሆኑ ከዱር ሲወርዱ አይርባቸውም? ለነሱ ከሆነ ጊደሯ ትታረድ፣ ሐላላቸው ነው፤ ግን እሷ የረሒማ ናት። ጊደሯ መካን ብትሆንስ? ግመሉ ነካሽ ቢሆንስ? ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሆድና ጀርባዬን እያገላበጥኩ ሳመዛዝን፣ ሚዛኑ ወደ አንዱ ጋደል ሲል በሌላው ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከብቱን በዓይኔ አይቼ ልወስን ብዬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ከጀውሃ አለፍ ብሎ መንገዱ ይከፈላል፤ አንደኛው ግመል ወደሚሸጥበት ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ሌላው ጊደር ወደሚሸጥበት ወደ አጣዬ ይቀጥላል። መቼም እዚያ ጋ ምን እንደሆንኩ መንገር አያስፈልገኝም።

ጠዋት ቆምኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች፣ እኔ እንደቆምኩ ነኝ። ወደ ቆላው አያለሁ፣ ወደ አጣዬ አያለሁ። ካሚዮን ሲያልፍ አቧራውን ከዓይኔ አብሼ እንደገና አያለሁ። ለካስ ከወዲያ ካለው ኬላ ሆነው እነሱም እኔን ኖሯል የሚያዩት። አራት ወታደር መጥቶ ክንዴን የፊጥኝ ሲያስረኝ ገና ስለ ነካሽ ግመል እያሰብኩ ነበር።

ካሚዮን ላይ የወጣሁት ያኔ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ድረስ። ቁጭ በል ሲሉኝ የትኛው ጥግ ይሻላል ብዬ ሳስብ መኪናው ተነሳና በአፍጢሜ ደፋኝ። ጥግ ከመምረጥ ገላገለኝ።

ካምፑ ውስጥ አንድ ጺሙን የተላጨ ሹም ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ። አጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል፣ የሐማሴን ሰው።

«ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ላይ ምን ስታደርግ ነበር?»

«እየመረጥኩ ነበር።»

«ምን?»

«ግመል ወይስ ጊደር።»

ሹሙ ጻፈ። ኋላ አስተርጓሚው እንደነገረኝ ግመል ማለት መድፍ፣ ጊደር ማለት ካሚዮን ነው ብሎ ጠርጥሮ ኖሯል።

«ማን አዘዘህ?»

«ጋሼ እንድሪስ። ሰባት ቀን ነው የሰጡኝ። ሦስቱ ዛሬ አለቀ።»

«ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ምን ይሆናል?»

«ረሒማን ሌላ ይወስዳታል።»

«ረሒማ! አለቃችሁ እሱ ነው? የት ነው የሚገኘው?»

«ማማ ላይ።»

«መሣሪያ አለው?»

«ወንጭፍ አላት። አትስትም» አልኩና ግንባሬን አሳየሁት።

ሹሙ ብድግ አለ። ሠላሳ ወታደር ወደ ማማው ሊልክ ነው! ያኔ ነው የተናገርኩት ሁሉ የገባኝ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ስለራሴ እንኳ አይደለም፤ ጋሼ እንድሪስን ቢያስሩብኝ፣ ረሒማን ከማማው ቢያወርዱብኝስ? እየተርበተበትኩ ሁሉንም ከሥሩ ዘረገፍኩት፤ ጓሉን፣ ሽማግሌውን፣ መህሩን፣ ሽርጡን ሳይቀር። አስተርጓሚው መጀመሪያ በኮስታራው ጀመረ፣ ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ፣ ጊደሯ ላይ ሲደርስ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ሹሙ ግን አልሳቀም። ለጊደር ብሎ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው የለም፣ ይህ ሰው ወይ ሰላይ ነው ወይ እብድ ነው አለና እብድ መሆን አለመሆኔን እንዲያይለት ብሎ ወደ ሐኪሙ ላከኝ።

ዶቶሬ የሚሉት ይህ ሐኪም የመንገድ ሠራተኞቹን የሚያክም፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣ ራሱ የተመለጠ ሽማግሌ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የሰው ራስ ቅል ተቀምጧል! መስመር መስመር ተሠምሮበት፣ ቁጥር ተጽፎበታል። «አስታግፊሩላህ! ይሄ ሰውዬ ምን ቢያጠፋ ነው?» አልኩት አስተርጓሚውን። «ዝም በል፣ መልሱን ስላልሰጠ ነው» አለኝ፣ ያ ሰይጣን።

ዶቶሬው ራሴን በብረት ለካው፣ ግንባሬን ኳኳው፣ ዓይኔን ገለጠው። ከዚያ ሁለት ጋሌታ፣ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ፊቴ ደረደረ። መንትያ ናቸው፣ አንዲት ፍርፋሪ አይበላለጡም።

«አንዱን ብላ» አለኝ።

እናንተ ሆናችሁ ቢሆን አንዱን አንስታችሁ ትገምጡ ነበር። እኔ የቀኙን ላነሳ ስል የግራው የበለጠ የበሰለ መሰለኝ። የግራውን ስነካ የቀኙ ሳይሻል አይቀርም አልኩ። ዶቶሬው ሰዓቱን አውጥቶ ያያል፣ ይጽፋል፣ ዓይኑ በደስታ ያበራል። ብዙ ቆየን። አስተርጓሚው ቆሞ አንቀላፋ። በመጨረሻ ዶቶሬው ራሱ ራበው መሰለኝ፣ ሁለቱንም አንስቶ በላቸው። እኔም እፎይ አልኩ።

ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አስረዳኝ። አገሩ ሳለ በትልቁ ጦርነት ጊዜ ግንባራቸውን የተመቱ ወታደሮች አክሟል። ይቆጥራሉ፣ ያነባሉ፣ ይናገራሉ፤ ሁለት ማንኪያ ፊታቸው ቢቀመጥ ግን ማንሳት ያቅታቸዋል። «እዚህ ጋ» አለ የራስ ቅሉን ግንባር በጣቱ እየነካ፣ «የሚያመዛዝነው አለ። ከሥር ደግሞ የሚወደውና የሚጠላው፣ የሚፈራውና የሚጓጓው አለ። ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰው ይወስናል። የታችኛው ዝም ካለ ግን የላይኛው ዕድሜውን ሙሉ ሲያመዛዝን ይኖራል።»

«ታዲያ የኔ የታችኛው ዱዳ ነው?» አልኩ ደንግጬ።

«ጋሌታ ትወዳለህ?»

«በልቼ አላውቅም።»

«እንግዲያውስ ምን ይበልህ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ወረቀት ጽፎ ለሹሙ ሰጠ፤ ሰላይም እብድም አይደለም፣ ለማንም አያሰጋም፣ ይሂድ ይላል። ለኔም መድኃኒት አዘዘልኝ፦ ጠዋት ማታ ግንባሬን በቀዝቃዛ ውሃ እንዳረጥብ፣ አብዝቼ እንዳላስብ።

ሁለት ቀን አሥረው በአምስተኛው ቀን ለቀቁኝ። መንደር ስደርስ እናቴ ሞተ ብላ አልቅሳ ጨርሳ ነበር፤ ስታየኝ እንደገና ጀመረች። የዶቶሬውን ነገር ስነግራቸው ግን ቤቱ ታመሰ።

«ምን ግንባር ግንባር ይላል!» አለች እናቴ። «ሰው የሚወስነው በልቡ ነው። ልቡ ነው የደከመው ልጄን።» ወዲያው ፍየል አሳረደችና ልቧን ጠብሳ አቀረበችልኝ።

ጋሼ ተክሌ ይህን ሰምተው መጡ። «ተይ እባክሽ እትዬ» አሉ፣ «ልብ አይደለም፣ ሆድ ነው። የጠገበ ሰው ነው የሚያማርጠው። እኔ እኮ ሁዳዴን ጾሜ ፋሲካ ሲደርስ ልጉረስ አልጉረስ ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን ልጅ እስከ ሰባተኛው ቀን እህል አታቅምሱት፣ ወዲያው ነው የሚወስነው።»

አጎቴ ሰይድ ደግሞ የፈረንጅ ነገር ይወዳል። ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀድቶ፣ ሁለተኛውን ሽርጤን ነክሮ ግንባሬን ጠመጠመልኝ።

ያለሁበት ይታያችሁ። ግንባሬ ላይ እርጥብ ሽርጥ፣ ፊቴ ላይ የተጠበሰ ልብ፣ ጎኔ ላይ «እንዳትነካት!» የሚሉ ጋሼ ተክሌ። ልቧን ብበላ ጾሙ ሊፈርስ ነው፣ ብጾም ልቧ ልትቀዘቅዝ ነው። የመንደሩ ሰው ሰምቶ ደጃፋችን ላይ ተኮለኮለ፤ የግንባር ወገን፣ የልብ ወገን፣ የሆድ ወገን ሆኖ ይከራከራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተደበላልቋል፤ እንዲያ ተስማምተው ሲጣሉ አይቼ አላውቅም። መንገዱ ላይ የሚያልፈው ጠባቂ ወታደር እንኳ ምን ጉድ ነው ብሎ ቆሞ ካየ በኋላ ሆዱን መታ መታ አድርጎ አለፈ። ጋሼ ተክሌ «አያችሁ!» አሉ።

የትኛውን ሕክምና ልቀበል ብዬ ሳስብ ስድስተኛው ቀን መሸ። የፍየሏን ልብ ድመቷ በላቻት። ድመት አትቸገርም።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። የጋሼ እንድሪስ ቤት ጢም ብሏል። ኒካህ የሚያስሩት ሼህም ተጠርተዋል፤ ለኔ ይሁን ለማጀቴው ነጋዴ ግን ማንም አልነገረኝም። ገብቼ ተቀመጥኩ።

«እህስ ልጄ?» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «ግመል ወይስ ጊደር?»

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ ልወስን ነበር፤ ግመል ልል ነበር። ነገር ግን ያች መካን ልትሆን የምትችለው ጊደር ምስኪን ዓይኗን አፍጥጣ ትዝ አለችኝ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እናቴ ዳር ተቀምጣ በከንፈሯ ዱአ ታደርጋለች፣ ጋሼ ተክሌ በበኩላቸው ያማትባሉ። አጎቴ ሰይድ ከኋላዬ «በል እንጂ፣ ከሁለት አንዱን በላ!» እያለ ጎኔን ይጎሽመኛል። አልወጣልኝም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ረሒማን በገዛ ምላሴ እያጣኋት መሆኔን እያወቅሁ አልወጣልኝም።

«በቃ!» አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ ተነሡ። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደው ግን ንዴታቸው መለሳቸው። ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለጊደር ሰባት ቀን ካሰብክ፣ ልጄን ልጠይቅ አልጠይቅ ብለህ ስንት ወር ነው ያሰብከው?»

«አላሰብኩም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«አንድ ቀንም አላሰብኩም ጋሼ! ወላሂ! ጓሉ ሲመታኝ ቀና ብዬ አየኋት፣ ሳቀች። ደሙ ሳይደርቅ ቤት ገብቼ እናቴን ሽማግሌ ላኪልኝ አልኳት። መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ በየትኛው እንደሄድኩ እንኳ አላውቀውም። ሌላ ሴት ትሻል ይሆን ወይ ብዬ አላመዛዘንኩም። እስካሁንም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው ያሰብኩት።»

እናቴ ብድግ አለች። «እውነቱን ነው! ከነደሙ እየሮጠ ነው የገባው። እባብ የነደፈው መስሎኝ ጮህኩ። ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው!»

ጋሼ እንድሪስ ቀስ ብለው ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ጺማቸውን አሻሹ።

«እናቷን ስጠይቅ እኔም አላሰብኩም ነበር» አሉ በስተመጨረሻ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «መህሩ እንደሆነ የሷ ነው፣ ትምረጥ። ረሒማ! ግመል ይሻልሻል ወይስ…»

«ግመል!» አለች ከጓዳ። «ከሚሴዎቹ የሚሸጧትን፣ ጆሮዋ ሸርተት ያለውን! እድሜዋን አይቻለሁ፣ ጥርሷ ደህና ነው። ጊደሯን ተዉአት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። አጎቴ ሰይድ አቀፈኝ፣ ጋሼ ተክሌ አጎቴን አቀፉ፣ እናቴ የምታቅፈው አጥታ ምሰሶውን አቀፈች። እኔ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ውስጤ ያለው ሁሉ፣ ግንባርም ይሁን ልብ ሆድም ይሁን፣ አንድ ላይ ሲዘል ይሰማኛል። በሩን አልፎ ለሚሄደው ካሚዮን እንኳ እጄን ላወዛውዝለት ምንም አልቀረኝ።

ሼሁ ጉዳዩ እንደገና ሳይበላሽ ብለው ነው መሰለኝ ወዲያው ቀረብ አሉ። የጋሼ እንድሪስን እጅ ከእጄ ጋር አጨባበጡ። አሁን ጥያቄ ይመጣል፣ እኔም መመለስ አለብኝ። አጎቴ ሰይድ ከኋላዬ ሽርጤን ጨምድዶ ያዘ።

«የጋሼ እንድሪስን ልጅ ረሒማን» አሉ ሼሁ፣ «በአንዲት ግመል መህር…»

«ተቀብያለሁ!»

«ቆይ እንጂ ልጄ» አሉኝ ሼሁ፣ «ገና ጠይቄ አልጨረስኩም።»